የአሮጌ መኪና ጌጅ አይታመንም የሚለውን አትመኑ

በጉለሌ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዊንጌት እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በየጋራዡ የምሰማው አንድ ፍርድ አለ። ዕድሜ የጠገበ መኪናችሁን አቁማችሁ «ጌጁ ልክ አይደለም፤ ቤንዚን ሞልቼ ግማሽ ይላል፤ የሙቀቱም ቀስት ከታች አልነሳ አለ» ስትሉ፣ መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋሼ ይተዉት፤ የአሮጌ መኪና ጌጅ አይታመንም፤ በልምድ ይንዱት» ይላችኋል። ጎረቤትም የሚላችሁ ይህንኑ ነው። የሚኒባስ ሾፌሩም፣ መኪናውን ያሻሻጠው ደላላም፣ ከእናንተ በፊት የነዳው ሰውም ቃላቸው አንድ ነው። እኔም ለዓመታት አምኜበት ነድቻለሁ። አሁን ግን ፊት ለፊት ልቃወመው ተነስቻለሁ። አባባሉ ከእውነት የራቀ ነው፤ በዚህ በእኛ ዳገት ላይ ደግሞ ሞተር ይገድላል።

አባባሉ ጌጅን እንደ ሽማግሌ ዓይን ይቆጥረዋል፤ ዕድሜ ሲገፋ የሚደክም፣ መድኃኒት የሌለው አድርጎ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከዳሽቦርዱ መስታወት ጀርባ ያለው ቀስት ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። የሚያሳስተው ወሬ የሚያቀብለው ክፍል ነው፦ የዛገ የማሳ ሽቦ (ከመኪናው አካል ብረት ጋር የሚያገናኘው)፣ ቤንዚን የጠጣ ተንሳፋፊ፣ የላላ የሴንሰር ሶኬት፣ ወይም ቮልቴጁን የሚመጥነው ትንሽ ሬጉሌተር። እነዚህ ሁሉ የሚታዩ፣ የሚለኩ፣ የሚጠገኑ ነገሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ከብርጭቆ ወረቀትና ከአንድ ካቻቢቴ ሌላ አይጠይቁም። «አይታመንም» የሚለው ቃል የተሰጠው ሳይመረመር ነው፤ ከተሰጠ በኋላም ማንም እንዳይመረምር በሩን ይዘጋል።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነበር። አክስቴን ይዤ በቶዮታ ዲኤክሴ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እየወጣሁ ነበር። በዚያ ቀን ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሰው በእግሩ ግራና ቀኝ ሞልቶ ይወጣል፣ መኪና በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። የእኔ መኪና የሙቀት ቀስት በዘወትሩ ከታች ተኝቶ የሚውል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ቀስ እያለ ተነሳ፤ ግማሽ ደረሰ፣ ግማሹንም አለፈ። «አይታመንም» ተብዬ ስለነበር ዝም አልኩት። ጥቂት እንደወጣን ቀስቱ በድንገት ተመልሶ ወደ ታች ወረደ። «ተመስገን፣ ቀዘቀዘ» አልኩ። አክስቴ «ልጄ፣ የሚሸት ነገር አለ» አለችኝ። የባሕር ዛፍ ጭስ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ ዳር ሳልይዝ ጠፋ።

ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎት የለም፣ የሚፈላ ድምፅ የለም። ሁሉም ነገር ደርቆ ይግላል። የማገዶ ጭነት ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱ ሴቶች ቆም ብለው አዘኑልን፤ አንዷ በጀሪካን የያዘችውን ውሃ ልትሰጠኝ ዘረጋችልኝ። በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ አንድ አረጋዊ «ተው፣ አሁን እንዳታፈስበት፤ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ራሱ ይብረድ» ብለው እጄን ያዙኝ። እውነታቸውን ነበር። በኋላ ሲፈታ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ፣ ቴስታታው ተጣሞ ተገኘ። ከወር ደመወዜ በላይ ወጣበት። አክስቴ ያን ቀን ጠበሉን ሳትደርስ በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቀስቱ ለምን ወረደ? ይህን ሳላውቅ ብዙ ዓመት መንዳቴ ዛሬም ይቆጨኛል። የሙቀት ሴንሰሩ የሚሠራው በውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ነው። ውሃው ፈልቶ ወጥቶ ሲያልቅ ሴንሰሩ በአየርና በእንፋሎት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የብረቱን ግለት የሚያደርስለት ውሃ የለም፤ ስለዚህ ቀስቱ ይወርዳል። በዳገት መሃል፣ ሞተር ተጨንቆ እየሠራ ሳለ፣ ከፍ ብሎ የነበረ ቀስት ድንገት ከወደቀ ትርጉሙ «ቀዘቀዘ» ሳይሆን «ውሃ የለም» ነው። ጌጁ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ አንዴ ሲነሳ፣ አንዴ ሲወድቅ። ሁለቱንም አልሰማሁትም፤ አይሰማም ተብዬ ተምሬ ነበርና።

ይህ ጉዳይ በአዋሽ ሸለቆ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልጮህኩ ነበር። እኛ ግን የምንነዳው በጉለሌ ነው። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ይላል፤ የእንጦጦ አናት 3000 ሜትርን ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንጦጦ ላይ ባቄላ የቀቀለች እናት ሁሉ ይህን ያለ መጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ማገዶው ይነዳል፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን ቶሎ አይበስልም።

አሁን ይህን ወደ መኪናው አምጡት። የብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ቴርሞስታት የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ካረጀና ግፊት ካልያዘ፣ ውስጡም ተራ የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ በሚከፈትበትና ውሃው በሚፈላበት መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ 0.9 የሚል ቁጥር የታተመበት ክዳን ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ በእንጦጦ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይርቃል። ይህን ልዩነት ለሾፌሩ የሚያሳየው ምንድን ነው? ያ «አይታመንም» የተባለው ቀስት ብቻ ነው። ደብረ ዘይት ደርሶ ለሚመለስ ሰው ጌጅ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ ከሰሜን ማዘጋጃ ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን የግድ ነው።

ወደ ነዳጁ ልምጣ፤ እዚህ ላይ «በልምድ ይንዱት» የሚለው ምክር ይበልጥ ይፈርሳል። በልምድ መንዳት ማለት በተግባር በብር መንዳት ነው። ሰው ማደያ ገብቶ «የ500 ብር» ይላል፤ የ500 ብር ቤንዚን ስንት ቀን እንደሚያስኬደው ያውቃል፤ ስለዚህ ጌጅ አያስፈልገኝም ብሎ ያስባል። ሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲሆን 500 ብር ከ10 ሊትር በላይ ይቀዳ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሊትሩ ከ101 ብር ሲያልፍ ያው 500 ብር 5 ሊትር እንኳ አልሞላም። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ዋጋው ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ማግስት ልምዱ ስህተት ሆኗል። ተንሳፋፊው ግን የዋጋ ተመን አያውቅም። በሳልባትዮው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ከፍታ ብቻ ነው የሚናገረው፤ እሱም የምንፈልገው ነው።

ነዳጅ ያለቀበት ሰው ድሮ ጀሪካን ይዞ ወደ ማደያ ይሮጥ ነበር። ዛሬ በጀሪካን መቅዳት ተከልክሏል፤ ክፍያውም ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ በአዲስ አበባ በስልክ ሆኗል። የማደያውን ሰልፍ ደግሞ ማንም አይረሳውም። በጎጃም በር ዳገት ላይ ቤንዚን አልቆበት የቆመ ሰው መኪናውን ገፍቶ ማዞር ነው ዕጣው። ከዚህ የከፋም አለ። ቤንዚኑ ማለቁን የጠረጠረ ሾፌር ከእንጦጦ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ ይለቀዋል። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያን ቁልቁለት፣ ያን ሁሉ እግረኛ አስቡት። ሰውን ወደዚህ የሚያደርሰው ስንት ሊትር እንደቀረው አለማወቁ ነው።

በዳገት ላይ የነዳጅ ጌጅ እንደሚዋዥቅ አልክድም። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያነሳ ቤንዚኑ ወደ ሳልባትዮው ኋላ ይሸሻል፤ ተንሳፋፊው በተቀመጠበት ቦታ መሠረት ቀስቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ጥቂት ሊትር ብቻ ሲቀር ደግሞ መምጠጫው አየር ሊስብ ይችላል፤ ሜዳ ላይ የሚነሳ መኪና ዳገት ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው። መልሱ ግን ጌጁን መጣል አይደለም። ሜዳ ላይ ማንበብ ነው፤ ለእንጦጦም ከሩብ በታች ይዞ አለመነሳት ነው። ሚዛን በተዳፋት ላይ ከተቀመጠ ያሳስታል፤ ማንም ግን ለዚህ ብሎ ሚዛኑን አይጥልም።

ከእንጦጦው ቀን በኋላ መኪናዬን ያየልኝ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። አዲሱ ገበያ በአንድ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሠራል። ያን ጠዋት ያደረገውን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ «አይታመንም» የሚለው አባባል ለእኔ የሞተው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ምንም አልነካም። ቁልፉን አዙሮ ሁለቱን ቀስቶች ተመለከተ። «ሁለቱም አብረው ነው የሚያጠፉት ወይስ ለየብቻ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አንድ ሬጉሌተር ይጋራሉ፤ ባትሪው 12 ቮልት ሲሰጥ እሱ በአማካይ ወደ 7 ቮልት ገደማ ያወርድላቸዋል። ሬጉሌተሩ ወይም ማሳው ከተበላሸ ሁለቱም በአንድነት ከፍ ብለው ወይም በአንድነት ዝቅ ብለው ያነባሉ። አንዱ ብቻ ከተሳሳተ ግን ጥፋቱ በዚያ በአንዱ መስመር ላይ ነው። የእኔ ሁለቱም ዝቅ ይሉ ነበር፤ የነዳጁ ደግሞ ከሙቀቱ ብሶ።

ቀጥሎ ከሙቀት ሴንሰሩ ላይ ሽቦውን ነቀለ። ቀስቱ ከታች ቀረ። አንዲት ትንሽ አምፖል በሁለት ሽቦ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱን ጫፍ ከነቀለው ሽቦ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘ። አምፖሏ በራች፣ ቀስቱም ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። «በቀጥታ አላገናኘውም፤ አምፖሏ በመሃል የገባችው ጌጁን እንዳናቃጥለው ነው» አለኝ። ቀስቱ በዝግታ መነሳቱን አይቼ «ደካማ ነው እንዴ?» ስለው ሳቀ። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ውስጥ ቀስቱን የሚያንቀሳቅሰው በሙቀት የሚታጠፍ ጥምር ብረት ስለሆነ መዘግየቱ ጤናው ነው። ቀስቱ ደህና፣ ሽቦውም ደህና ነበር። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ማሳ ፈትቶ አወጣው፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ መልሶ አጠበቀው። ሁለቱም ጌጆች በአንድ ላይ ወደ ላይ ተነሱ።

የነዳጁ ግን አሁንም ይጎድለው ነበር። የኋላ ወንበሩን አነሳ፣ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ፣ ሁሉንም በር ከፈተ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው በአጠገባችን እንዳያልፍ ከለከለ። ይህን ሳያደርግ ሳልባትዮ የሚከፍት ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ተንሳፋፊውን ከነዘንጉ አውጥቶ ከጆሮዬ አጠገብ ነቀነቀው። ውስጡ ቤንዚን ይንቦጫረቃል። ስንጥቅ ገብቶት ቤንዚን ጠጥቶ ከብዷል፤ ስለዚህ እንደ ቀድሞው መንሳፈፍ አይችልም፣ ሞልቼም ግማሽ የሚለው ለዚህ ነበር። ስንት ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ዘንጉን ያጣምምና «አስተካከልኩት» ይላል። ዘንግ ማጣመም ውሸቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው፤ ሙሉው ላይ ልክ ቢመጣ ባዶው ላይ ያሳስታል፤ ባዶው ላይ ደግሞ ነው የሚያስቆምህ።

ሌላ ተንሳፋፊ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ስሄድ ያ ኤሌክትሪሻን በቴስተሩ የለካውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ይህን ያላደረገ ይሳሳታል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ሴንሰሩ ባዶ ሲሆን ወደ 110 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን ወደ 3 ኦም ያሳያል። የላዳው ባዶ ሲሆን ከ300 ኦም ያልፋል። ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የሌላ መኪና ተንሳፋፊ የተገጠመለት ሰው ጌጁ እስከ መጨረሻው ልክ አይሆንም። ከዚያም «አየህ፣ የአሮጌ መኪና ጌጅ አይታመንም» ይባላል። ለሙቀት ሴንሰሩም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ስለገባ ልኩ ነው ማለት አይደለም። ስህተቱ የሚመሰክረው በአሮጌው መኪና ላይ አይደለም፤ በገጠመው ሰው ላይ ነው።

የጠዋቱ ሥራ በሙሉ፣ ከተንሳፋፊው ዋጋ ጋር፣ ለቴስታታው ከከፈልኩት አጠገብ የሚጠራ አልነበረም። ይህን ሥራ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ቢሠራልኝ ኖሮ የካቲት 16 ቀን አክስቴ ጠበሏን ትጠመቅ ነበር።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ የማከብራቸው ናቸው። «ቮልስ ያለ ጌጅ ስንት ዘመን ሄዳለች» ይላሉ። ልክ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ የተሠሩት ቮልሶች የነዳጅ ጌጅ አልነበራቸውም። ግን ያለ ማስጠንቀቂያ አልተተዉም፤ ከእግር አጠገብ የመጠባበቂያ ነዳጅ መክፈቻ ነበራቸው፤ ሞተሩ ሲደነቃቀፍ በእግር ገፍተህ ታዞርና የቀረችውን ቤንዚን ይዘህ ማደያ ትደርሳለህ። ሞተራቸው ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሚፈላ ውሃ የለውም። የእናንተ ዲኤክስ ግን ውሃ አላት፣ የመጠባበቂያ መክፈቻ የላትም። «ቪትዝ እንኳ የሙቀት ቀስት የላትም» የሚሉም አሉ። ቪትዝ ቀስት ባይኖራትም ሰማያዊና ቀይ መብራት አላት፤ ቀይዋ ስትበራ መኪናውን ወዲያው ማቆም ነው። ማንም የቪትዝ ባለቤት ያቺን መብራት «አትታመንም» ብሎ ሽቦዋን አይቆርጥም። በአሮጌ መኪና ላይ ብቻ ነው ይህን የምናደርገው።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የአሮጌ ሾፌሮች ክብር ነው። «የድሮ ሰው በጆሮው ያውቃል» ይባላል። ያውቃል። የባልቦላ ድምፅ፣ የፍሪሲዮን መንሸራተት፣ የጎማ መላላት በጆሮና በመቀመጫ ይታወቃል፤ ይህን የሚክድ መኪና ያልነዳ ነው። ውሃ ከ85 ወደ 95 ዲግሪ ሲወጣ ግን ድምፅ የለውም። ሞተር ሲያንኳኳ ጆሮ እስኪሰማ ነገሩ አልቋል። 15 ሊትርና 5 ሊትር ቤንዚንም በድምፅ አይለዩም። ጆሮ የሚሰማውን ይሰማል፤ ጌጅ የተሠራው ጆሮ ለማይሰማው ነው። እነዚያ የድሮ ሾፌሮች በነዷቸው ፊያቶች ላይ ቀስቱን እያዩ ነበር የሚነዱት፤ ረዳቱን «ውሃ ጨምር» የሚሉት ጌጁ ሲነሳ አይተው ነው። ልምዳቸውን ወርሰን ቀስቱን ትተን ግማሽ ሙያ ነው የያዝነው።

ስለ ቴርሞስታት ሳልናገር ይህን ጽሑፍ ልዘጋው አልችልም፤ ቀስቱን የሚገድለው ዋናው ልማድ እሱ ነውና። መኪና አንድ ቀን ከፈላ «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ፋኑን ዳይሬክት አድርገው» ይባላል። ቴርሞስታት ከወጣ በኋላ ሞተሩ በኅዳርና በታኅሣሥ የጉለሌ ብርድ ላይ በቅጡ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱን በቤንዚን ያቀጥናል፣ ቶሎ ያረጃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መስመር ይዘጋል፤ ካወጣኸው የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፣ ስለዚህም ለዳገት የታሰበው መድኃኒት በዳገት ላይ ራሱ ያፈላል። ከሁሉ በላይ ቀስቱ ዓመቱን ሙሉ ከታች ተኝቶ ይውላል። ባለቤቱ ይለምደዋል፣ ማየቱን ይተዋል። የእኔም መኪና ቴርሞስታት ከዓመታት በፊት ተነቅሎ ነበር፤ ለዚህ ነው ቀስቱ ግማሽ መድረሱ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባኝ። መኪና ለምን እንደፈላ ሳይጠይቁ ቴርሞስታት የሚነቅሉ ሰዎች ትኩሳት ያለበትን ልጅ ቴርሞሜትር እንደሚሰብሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ጉዳይ ነገ የሚጠፋም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የፖሊሲውን ልክነት ዛሬ አልከራከርም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አሁን በጉለሌ መንገድ ላይ ያሉት ዲኤክሶች፣ ቪትዞች፣ ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፣ በየዓመቱም ይበልጥ ያረጃሉ። ልንጥላቸው የምንችላቸው አይደሉም። ልንለውጠው አቅም ያጣንበትን መኪና በማያይ ዓይን መንዳት ደግሞ የባሰ ድህነት ነው።

የጋራዥ ባለቤቶችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ጌጄ ልክ አይደለም ብሎ ሲመጣ «ይተዉት» አትበሉት። አሥር ደቂቃ ስጡት፤ ሁለቱም ናቸው ወይስ አንዱ ብላችሁ ጠይቁት፣ ማሳውን ፈትጉ፣ በአምፖል ሞክሩ። በእንጦጦና በዊንጌት ሙያ ኮሌጆች የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ሞተር ከመፍታታቸው በፊት ይህችን ሙከራ በእጃቸው ይሥሯት፤ ነገ በየጋራዡ ቆመው ለሕዝብ ፍርድ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

ለእናንተ ለባለ መኪኖች ደግሞ ይህን እላለሁ። ነገ ጠዋት መኪናችሁ በርዶ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ፤ የክዳኑን ጎማ በጣታችሁ ዳስሱ። ከዚያ ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የሙቀቱ ቀስት ሞተሩ ሲሞቅ የት ላይ እንደሚቆም አይታችሁ ያዙት። ያ ቦታ የመኪናችሁ ጤና ነው። በዳገት ላይ ከእሱ ከፍ ካለ ዳር ያዙና አቁሙ። ከፍ ብሎ ድንገት ከወደቀም አቁሙ፤ ሞተሩንም አጥፉ።